የሰርጉ መኪና ፊውዝ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ማለት ለእኔ የብርጭቆ ወረቀትና የላምባ ሽታ ነበር። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ነፋስ ስልክ ቤቱ ገና ሳስቶ ከግቢያችን ጀርባ ጤፍ ይዘራ በነበረበት ዘመን፣ አባባ አንዲት አመድማ መኪና ነበረቻቸው። ወደ እሳቸው ከመምጣቷ በፊት ሁለት ጌታ ቀያይራለች። ሰፈርተኛው “አሮጊቷ” ይላታል። አባባ ግን “አላረጀችም፤ የሚጦራት አጥታ ነው” ይሉ ነበር።

ጧሪዋ እኔ ሆንኩ። ከመሪው ስር በግራ በኩል አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነበረች፤ ውስጧ ስምንት ፊውዞች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው የሕፃን ጣት የሚያህሉ ነጭ ሸክላዎች ሲሆኑ በጎናቸው ቀጭን ብረት ተጋድሞባቸዋል። ኤሌክትሪኩ ከልኩ ሲያልፍ ያቺ ብረት ቀልጣ ትበጠስና የመኪናው ሽቦ ከመቃጠል ይተርፋል። ዝገት ሲይዛቸው ደግሞ መብራቱ ይጠፋል፣ ክላክሱ ይዘጋል። የአባባ ጣት ወፍራም ስለነበር ሳጥኗ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በየቅዳሜው እግሬን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ፣ ጭንቅላቴን ከመሪው ስር ቀብሬ፣ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ መቀመጫቸውን ላምባ በነካው ጨርቅ እጠርጋለሁ። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ይስቁብኛል። እማዬም “ሴት ልጅ እንዲህ ተዘቅዝቃ! ኋላ ማን ሊያገባት ነው?” ትላለች።

የታላቅ ወንድሜ የተፈራ ሰርግ ጥር ላይ ሆነ። ሙሽሪት አልማዝ የጎፋ ልጅ ናት፤ ያሳደጓት አጎቷ ባላምባራስ ነበሩ። ባላምባራስ ፊት የምታሳይ አዲስ መኪና አላቸው። ሽማግሌዎቻችን ለቀጠሮ ቢሄዱ “ልጄን በዚያች አሮጊት አልሰድም፤ መንገድ ላይ ቆማ ታዋርደናለች። በእኔ መኪና ትሄዳለች” አሉ። ሙሽሪትን ሄዶ የሚያመጣው የወንዱ ወገን ነው፤ በሴቷ ዘመዶች መኪና ሚስቱን የወሰደ ሰው ዕድሜ ልኩን ይተረትበታል። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቢለምኗቸው አንድ ነገር ብቻ ፈቀዱ፤ አሮጊቷ ክላክሷን እያስጮኸች ደጃቸው ከደረሰች ሙሽሪትን ትወስዳለች፤ ድምጿ ከጠፋ ግን የእሳቸው መኪና ይነሳል።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሚዜዎቹ መኪናዋን አበባ በአበባ አደረጓት። አበባውን ከፊት ለፊት ያሰሩት በቀጭን ሽቦ ነበር። ወዲያው ክላክሱ እምቢ አለ። እኔ ነጭ ቀሚሴን እየለበስኩ ስለነበር አላየሁም፤ ያዩት የእማዬ ወንድም ጋሼ ዘውዴ ናቸው። ጋሼ ዘውዴ ፊውዝ በሞተ ቁጥር ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልለው ይሰኩበታል። የዚያን ዘመን ሾፌር ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር። አባባ ግን አይወዱም። “ፊውዝ የሚሞተው ሌላው እንዲተርፍ ነው፤ ምን እንደገደለው ሳትጠይቅ አትቅበረው” ይላሉ። ጋሼ ዘውዴ በዚያ ቀን አባባን ላለማስጨነቅ ብለው ወረቀታቸውን ሻጥ አደረጉና ዝም አሉ።

ክላክሱን እያስጮህን፣ ከኋላችን እልልታው እየቀለጠ፣ ወደ ጎፋ የሚወስደውን ኮረኮንች ተያያዝነው። እኔ ከኋላ በሚዜዎች መሃል ተጣብቄ ነበር። መንገዱ ሲጋመስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። “አባባ፣ ይቁሙ!” ብዬ ጮህኩ። ከመሪው ስር ጭስ ብን አለ፤ ክላክሱም ጸጥ አለ። ተፈራ “አለቀልኝ” ብሎ ላቡን ይጠርግ ጀመር። ጋሼ ዘውዴ ያደረጉትን ተናዘዙና “ቆይ፣ አንድ ሌላ ልጠቅልልበት” እያሉ ኪሳቸው ገቡ። አባባ “ዘውዴ፣ ተው!” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። “ነይ ልጄ” አሉኝ።

በነጭ ቀሚሴ ተዘቀዘቅኩ። ወረቀቱ ከስሏል፤ የክላክሱ ሽቦ ልባስ ትንሽ ቀልጧል እንጂ አልተበጠሰም። ግን ፊውዙን ምን ገደለው? ኮፈኑን አስከፍቼ ሽቦውን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከፊት ያ የአበባ ማሰሪያ ሽቦ የክላክሱን ሽቦ ነክሶ ይዞታል፤ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ሁለቱ እየተነካኩ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናዋ ብረት ያመልጣል። ማሰሪያውን አስፈታሁ። የቆሰለውን በፀጉሬ ሪባን ጠቀለልኩት። ትርፍ ፊውዝ ይዘን አልወጣንም ነበር፤ እኔ ግን ጥር ላይ ዝናብ እንደሌለ አውቃለሁ። የዝናብ መጥረጊያውን ፊውዝ ነቅዬ ለክላክሱ ሰካሁት። ቅዳሜ ያሸሁት ነበርና ያብረቀርቃል። አባባ ሲጫኑት ክላክሱ እንዲያ ሲያምባርቅ እኔ ራሴ ደንግጬ ከመሪው ጋር ተጋጨሁ። አቤት ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ!

ባላምባራስ ቁልፋቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ደጅ ቆመው ነበር። ከሩቅ ሰምተውናል። ቀሚሴ ላይ ያለውን ጥላሸት አይተው “ይህችን ልጅ ምን አገኛት?” ሲሉ አባባ ኮራ ብለው “መካኒካችን ናት” አሉ። ባላምባራስ ሳቁ፤ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱና የአሮጊቷን በር በገዛ እጃቸው ለአልማዝ ከፈቱላት። እማዬ ማታ ቀሚሴን ስትዘፈዝፍ አንዲት የቁጣ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ወዲህ አጥር ላይ የሚስቅብኝ ጠፋ፤ እንዲያውም የባትሪያቸው አምፖል አልበራ ሲላቸው ይዘው ይመጡ ጀመር።

ዛሬ የሰርግ መኪና በኪራይ ይመጣል፤ ቢበላሽ ሌላ ይላካል፣ ማንም አይደነግጥም። ጥሩ ነው፤ ሙሽራ በሰላም ይግባ። እኛ ግን አንዲት መኪና ብቻ ስለነበረችን እስከ ሆዷ ድረስ እናውቃት ነበር። አባባ በሕይወት የሉም፤ በጣም ይናፍቁኛል። አልማዝና ተፈራ አሁን ጀሞ ነው ያሉት። ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ተፈራ ለልጅ ልጆቹ “አያታችሁን በዚያች መኪና ይዣት ስመጣ” ብሎ ገና ሲጀምር አልማዝ አቋረጠችው። “አንተማ ላብህን ስትጠርግ ነበር” አለችውና እጄን ያዘች። “እኔን ያመጣችኝ ይቺ ናት።”