ነቀርሳ የሚሉት ቃል

ታላቅ ወንድሜ የሳንባ ነቀርሳ ይዞሃል ሲባል ደስ አለው። ከዓመታት በፊት አንዴ ይዞት፣ ስድስት ወር ክኒን ውጦ ድኗል። የኤችአይቪ መድኃኒትም ሳያዛንፍ ይወስድ ነበር። ካማሺ ለንግድ ሄዶ መንገድ ሲዘጋበት ግን ለወራት ሳይወስድ ከረመ፤ ሲመለስ ሳሉን ይዞ መጣ።

አሶሳ ያየው ሐኪም ገና መመረቁ ነው፤ የፈረንጅ ቃል ከአፉ አይወጣም። ራጁን በመስኮቱ ብርሃን አየ፣ የወንድሜን አፍ አስከፍቶ ላንቃው ላይ የጠቆረውን ተመለከተ፣ ከዚያ "የሳንባ ነቀርሳ ነው" አለ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንደሚጽፍለትም ነገረን። ወንድሜ ግን ያን ሳይጠብቅ የቲቢ ክፍል ሄዶ ክኒኔን ስጡኝ አለ። ነርሷ አክታውን አስመረመረችና ቲቢ የለብህም አለችው። ይኼኔማ ጥብስ ጋበዘኝ።

ከምሳ በኋላ የሐኪሙን ስህተት ልናርምለት ተመለስን።

"ካንሰር ማለቴ ነበር" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። "ኤችአይቪው ሲበረታ የሚመጣ ነው፣ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። ቶሎ አዲስ አበባ መሄድ አለበት።"

አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶ ቁጭ ብሏል። እኔ አስተማሪዋ እንኳ አልነቃሁም። ልጮኽበት አሰብኩ፤ ፊቱን ሳየው ከእኛ ይብስ ደንግጧል፣ ተውኩት።

ባጃጅ ውስጥ ወንድሜ ለእማዬ ምን እንበላት አለኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያለውን፣ አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ። እናታችን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥታ ባምባሲ አጠገብ የቀረች ገበሬ ናት። ሳንባ ነቀርሳ ነው ሲላት፣ ስድስት ወር ምን አላት፣ ታልፋለች አለችው። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ቀየሩለት፣ የካንሰሩን ደግሞ በየጊዜው በክንዱ ያንጠባጥቡለታል። ሳሉ ቀለል አለው፤ ፀጉሩ ግን አለቀ። አንድ ቀን መድኃኒቱ እየገባለት እማዬ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ለቀቀው።

"ስድስት ወርህ ሞላ። ጨረስህ አይደል?"

"ትንሽ ጨምረውልኛል።"

"ስንት?"

ወንድሜ እኔን አየኝ።

"ያኛው ነቀርሳ ነው?" አለች እማዬ።

"አዎ፣ እማዬ።"

"አንተማ ነግረኸኛል" አለችው። "እኔ ነኝ የሚሻለኝን የሰማሁ።"