ሐሙስ ሊቆረጥ የነበረው ትራክተር

ሰኞ ረፋድ ላይ ይሄነው ከትራክተሩ ወርዶ የኋላውን ጎማ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከንጋት ጀምሮ ሰባት ጊዜ ሞክሮታል። ሞተሩ ዞሯል፤ አጉረምርሟል፤ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ትፍ ብሏል፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ለስምንተኛው ባትሪውም ደክሞ ነበር፣ እሱም ደክሞ ነበር።

ለሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሐሙስ ሙላው ይመጣል። ሙላው ከደሴ አይሱዙ ይዞ በየወረዳው እየዞረ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ነው፤ የጋዝ መቁረጫው ከመኪናው ላይ አይወርድም። ይሄነው ደግሞ በነፍስ አባቱ ፊት ለሚስቱ ለብርሀንነሽ ቃል ገብቷል፤ ትራክተሩ ሐሙስ ጠዋት ካልተነሳ ሙላው ቆራርጦ ይጭነዋል፣ ከዚያም ወዲያ በቤቱ ውስጥ የትራክተር ወሬ አይወራም።

ብርሀንነሽ ቃሉን ያስገባችው ተቆጥታ አልነበረም። ቄሱ ተቀምጠው እየሰሙ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «እኔ ብረቱን ጠልቼው አይደለም አባ። ሰውየው አለቀብኝ።»

እውነቷን ነው። ይሄነው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያየው ሁሉ ግን ሰባ ይሰጠዋል። በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ በመንግሥት እርሻ ትራክተር መንዳት ተምሮ ነበር። መጠገኑን ያስተማረው ሰው የለም፤ መካኒኮቹ ምሳ ሲበሉ የፈቱትን እያየ፣ ስዕሉን ደብተር ላይ እየገለበጠ ነው የያዘው። መንግሥት ተለውጦ እርሻው ሲበተን ያንን ደብተር በጉያው ይዞ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰና እንደ አባቱ በበሬ ሲያርስ ኖረ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ የፈረሰ ማኅበር ከመጋዘኑ ጀርባ ጥሎት የነበረውን ትራክተር በጨረታ ሲያወጣ፣ ከይሄነው ሌላ የቀረበ ሰው አልነበረም። ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ቀለሙ ዝጎ ያለቀ፣ ከወንበሩ ሥር ዶሮ እንቁላል የጣለችበት ነበር። ጎረቤት አራት ጥማድ በሬ አውሶት እየጎተተ ወደ ቤቱ ሲያመጣው መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀበት። «ዘንድሮ በሬው ትራክተሩን ሊያርሰው ነው» አሉ። አራት ዓመት ፈጀበት፤ ራዲያተሩን አስበየደ፣ ፒስተኑን ኮምቦልቻ ወስዶ አስቀረጸ፣ የጎደለውን ቡሎን ከየጋራዡ ደጃፍ ለቀመ። ከዚያ ሁለት ክረምት አረሰበት። በሬ ለሌላቸው አሮጊቶችና ባል ለሞተባቸው ሴቶች መሬት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር፤ እግዜር የሰጠኝ ለዚህ ነው እያለ። ክፉው ጊዜ መጣ፤ ናፍጣ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ትራክተሩ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ አይጥ ሽቦውን በላው። ከጥር ጀምሮ ይሄነው እንደገና ከሀ ጀመረ።

ዓርብ ዕለት ተነስቶ ነበር። ያ ነው የሚያንገበግበው። ዓርብ ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም ሳያስል ሠርቷል። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነውና አልነካውም። ሰኞ ሲመጣ ሬሳ ሆኖ ጠበቀው።

«አየር ገብቶበታል» አለ አሕመድኑር። አሕመድኑር ጎረቤቱ ነው፤ ሳውዲ በረሃ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የእርሻ ሞተር ሲጠግን ኖሮ አምና የተመለሰ ሰው። በናፍጣው ቧንቧ ውስጥ ትንሽ አየር ከቀረ ሞተር እንደማይነሳ ሁለቱም ያውቃሉ። የቧንቧዎቹን ራስ አላልተው፣ በእጅ እየገፉ፣ አረፋው እስኪያልቅ አስወጡት። አልተነሳም።

ማክሰኞ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩትን ሦስቱን ኖዝሎች ፈተው አጸዱ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተገጣጥመዋል፤ ይሄነው ዐቢይ ጾም ላይ ነው፣ አሕመድኑር ረመዳን ላይ። የሁለቱም ከንፈር ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ ይሄነው፣ እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀምሳሉ። እኔ ፀሐይዋን መሸኘት አለብኝ። ይችን ቡሎን እርስዎ ይፍቷት።»

«ያንተ ጾም አንድ ወር ናት። የኔ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ፍታ።»

«ኧረ እርስዎ ስሑር ሊበሉ በሌሊት አይነሱም። እኔ እንቅልፍም የለኝ።»

«እኔስ ተኝቼ የማድር መስሎሃል?»

ቡሎኗን አብረው ፈቷት።

ብርሀንነሽ በየሰዓቱ ከቤት ብቅ ትላለች። እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠራረገች ትጠይቃለች፤ «ዛሬስ? ትንሽም አልተለወጠም?» ይሄነው ቀና ብሎ አያያትም። ቀን እየቆጠረች ነው፣ ሐሙስ ርቆባታል ይላል በልቡ። ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር እንደዚያ ሳምንት ቂም ይዞባት አያውቅም። ማታ ሲጸልይ እንኳ አባታችን ሆይ ብሎ «ይቅር በለን» የሚለው ላይ ሲደርስ ምላሱ ይከብደው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሕመድኑር ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። የናፍጣ ፓምፑ ነው። ይሄ አዲስ አበባ ካልወረደ የሚሆን አይደለም።»

ይሄነው የተቀመጠውን ቁልፍ አነሳ። አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ቀን የለም። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ለማንኛውም እንፍታው። ሲቆረጥም ፓምፑን ብቻ አስቀርቼ ለሚያስጠግነው ሰው ቢሆን።»

ፓምፑን ለመፍታት መጀመሪያ የናፍጣ ማጣሪያውን ኩባያ ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። በሌላ ትራክተር ላይ ኩባያው መስታወት ነው፤ የዚህኛው ተሰብሮበት ይሄነው ከብረት ያሠራው ስለሆነ ውስጡ አይታይም። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ከሥሩ ደግኖ ከፈተው። የወረደውን አሕመድኑር ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጎ አየው። ናፍጣው ከላይ ተንሳፍፏል፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ ተኝቷል።

«ውሃ» አለ አሕመድኑር። ጣቱን ነክሮ አሸተተ። «ጋሼ ይሄነው፣ ውሃ ነው የሸጠልዎት። ያ ናፍጣ በጀሪካን የሚቸረችረው።»

«እሱ እንኳን እንዲህ አያደርግም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ? ወላሂ በጾም አፌ አልሰድበውም። ግን ይችን ቆርቆሮ ደንበኞቹ ፊት አስቀምጬ ምንድን ናት እለዋለሁ።» ቆርቆሮውን ይዞ ወደ በሩ አመራ።

ብርሀንነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። መንገዱን አልለቀቀችለትም።

«አትሂድ አሕመድኑር። ሰውየው ምንም አላደረገም።»

«እትዬ ብርሀንነሽ፣ በዓይንዎ ይዩት እንጂ።»

«አየሁት። እኔ ነኝ የጨመርኩት። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ያመጣሁት ጠበል ነው።»

አሕመድኑር ቆርቆሮውን እንደያዘ ዞሮ ይሄነውን አየው። ይሄነው ብድግ አለ።

«የት ነው የጨመርሽው?»

«በሚጠጣበት» አለች የናፍጣውን ታንከር ክዳን በአገጯ እያሳየች። «ዓርብ መነሳቱ እንዲጸና ልረጨው ብቻ ነበር። በኋላ ግን የታመመ ሰው ቢሆን ይጠጣ የለ ወይ ብዬ...»

«ስንት?»

«ትንሿን ጀሪካን። ሙሉዋን።»

አሕመድኑር ሳቁን ሊያምቀው ሞከረ፣ አልቻለም። «እትዬ ብርሀንነሽ፣ የኔም እናት ብትሆን የመካ ዘምዘም ውሃ ነበር የምትጨምርበት። ዘምዘምም ቢሆን እምቢ ይላል። ይሄ ጉድ ክርስቲያንም እስላምም አይደለም፤ የሚያውቀው ናፍጣ ብቻ ነው።»

ይሄነው አልሳቀም። «ይሸጥ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። አጥንትህ ሲወጣ እያየሁ ምን ልበል? ሲነጋ ትወጣለህ፣ ሲመሽ ትገባለህ፣ የበላኸውን አታውቀው። ይሸጥ አልኩ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ግን ከሚቆረጥ ቢነሳ ይሻላል አልኩ። እሱንም ላንተ ማለት ከበደኝ፣ ለሱ ነገርኩት።» ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ተመለከተች።

ይሄነው ሦስቱን ቀን ሙሉ በልቡ ያላትን ሁሉ አሰበና ፊቱ ጋለ። ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር፤ ያወጣው ግን «በይ ባዶ ጀሪካን አምጪልን» የሚለውን ብቻ ነው። ድምፁ ግን የሰኞው ድምፅ አልነበረም፤ እሷም ያንን ሰማች።

ታንከሩን ወደ ጀሪካን ገለበጡት። ናፍጣውና ውሃው እስኪለያዩ ጠበቁ፣ ናፍጣውን ከላይ በቀስታ ቀዱ፣ በጨርቅ አጠለሉ። ከሥር የቀረውን አሕመድኑር ሊደፋ ሲል ብርሀንነሽ እጁን ያዘችው። «መሬት ላይ እንዳታፈሰው ልጄ፣ እግር ይረግጠዋል።» አሕመድኑር አልተከራከራትም። ናፍጣ የሚሸተውን ውሃ በሁለት እጁ እንደ ወተት ተሸክሞ አጥሩ ጥግ ሰው የማይደርስበት ቁልቋል ሥር አፈሰሰው። ከዚያ እያንዳንዱን ቧንቧ እንደገና አደረቁ፣ አየሩን እንደገና አስወጡ። ሲጨርሱ አዛን ተሰማ፤ አሕመድኑር ሦስት ተምር ከኪሱ አውጥቶ አንዱን ለይሄነው ሰጠው።

አሁን የቀረው ባትሪው ነበር። የሦስት ቀን ሙከራ ጨርሶ ገድሎታል፣ መብራትም ከሰኞ ጀምሮ ከከተማው ስለጠፋ ቻርጅ የሚደረግበት የለም።

ሐሙስ ገና ጤዛው ሳይደርቅ ሙላው ደረሰ። ከአይሱዙው ወርዶ ትራክተሩን ዞር ዞር እያለ አየው፤ የሞተሩን ኮፈን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«አልተነሳም አይደል አባባ? አይዘኑ። እኔ እጄ ቀላል ነው፣ ሳያመው ነው የምቆርጠው።»

«ቃሌ ቃል ነው» አለ ይሄነው። «ግን አንድ ጊዜ ልሞክረው። ባትሪ የለኝም። ከመኪናህ ሁለት ባትሪዎች አንዱን አውሰኝ።»

ሙላው ወደ አሕመድኑር ዞረ። «ሰማህ? ሊታረድ የቀረበው ቢላውን አውሱኝ ይላል።»

«አውሰዋ» አለ አሕመድኑር። «ካልተነሳ የቆረጥከውን በነፃ እጭንልሃለሁ።»

«ከተነሳስ?»

«ከተነሳ ባዶ መኪና ቀላል ናት፣ ናፍጣ አትበላም።»

«ሙላው፣ ልጄ» አለች ብርሀንነሽ። «አንዴ ብቻ።»

ሙላው ሰማይ ሰማይ አየና ባትሪውን ሊፈታ ሄደ።

ይሄነው አማተበና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ፤ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ቆመ። ብርሀንነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁለተኛ አዞረው። አንዷ ሲሊንደር ተኮሰች። ቀጥላ ሁለተኛዋ ደረሰችላት። ጥቁር ጭስ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣ፣ ሦስተኛዋም ገባች፣ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙላው ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ባትሪ አውሶ እንጀራውን ሲያጣ እኔ የመጀመሪያው ነኝ» አለ፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

ከዚያም ባትሪውን ጠየቀ፤ የሌላ ወረዳ ቀጠሮ አለው። አሕመድኑር ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን ነቅሎ መለሰለት። የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ያለ ባትሪ ይሄዳል። ግን ከጠፋ የሚያስነሳው የለም።

ይሄነው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይህን አሰበ። እንቅልፍ ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው፣ ሆዱም ባዶ ነው። ቢያጠፋው መብራት እስኪመጣ ይቆማል፤ በልግ ያራሰው መሬት ደግሞ እስከዚያ ይደርቃል። ማረሻውን ከኋላ አስገጠመና ከግቢው ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርሀንነሽ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ በሞሰብ ይዛ ወደ ማሳው መጣች። ግማሹ መሬት ተገልብጦ ጠቁሯል። አሕመድኑር ዳር ላይ ጃንጥላ ራሱ ላይ ደግፎ ተኝቷል፤ ፀሐይዋን እየሸኘ ነው። ይሄነው ማርሹን ነቅሎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጎረሰ።

«ደከመህ?» አለች ጮክ ብላ።

«ልቤ ልትወጣ ነው።»

«አጥፋውና ትንሽ ረፍ።»

«ካጠፋሁት ማን ያስነሳዋል?»

«እግዚአብሔር ነዋ።»

«እሱስ ያስነሳዋል» አለ ይሄነው እያላመጠ። «ብቻ አንቺ አትርጂው።»

ብርሀንነሽ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ይሄነው ሲጨርስ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ተመስገን አለ፣ ማርሹን አስገባ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ እስከ ምሽት ያደርሳል፤ የቀረው መሬትም የዚያን ያህል ነው። ብርሀንነሽ ሞሰቧን አንስታ ወደ ቤት ልትሄድ ጥቂት ተራመደችና መሄዱን ተወችው። እስኪጨርስ ልትጠብቀው ከማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋንም አወለቀች።