የእናቴ ጉልበትና የእኔ እጅ

ጠዋት ጠዋት እግሬን እንቅስቃሴ የምታሰራኝ እናቴ ናት። ጡንቻዬን እያደር የሚያከሳና የሚያሰንፍ በሽታ አለብኝ፤ ከእግሬ ነው የጀመረኝ። ድካሙንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት የግራ ጉልበቴን ሕመም ነው። ነርቭ ነው አሉኝ። ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኛል።

ክሊኒክ የምታየኝ ፊዚዮቴራፒስት ለእናቴ አሠራሩን አሳይታታለች፤ ተረከዜን በመዳፏ ይዛ ጉልበቴን ቀስ እያለች ታጥፋለች፣ ቀስ እያለች ትዘረጋለች፣ ሳይደክመኝ ታቆማለች። «እማማ፣ ጡንቻዋን ካደከሙት ይብስባታል» ብላታለች። አልጋችን መሃሉ የሰመጠ ስለሆነ ፍራሹን መሬት አወረድነው። የምንኖረው መሪ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ወለሉ ላይ ነው፤ ሴራሚኩ በጋም ክረምትም ብርድ ነው። እናቴ እሱ ላይ ተንበርክካ ታሰራኝ ነበር።

እኔ ደግሞ አመሌ አያድርስ ነው። ሲያመኝ አፌን አልይዝም። «ኧረ ቀስ በይ! እግር እኮ ነው፣ ሊጥ አይደለም!» እላታለሁ። «እሺ የኔ እናት፣ እሺ» ትለኛለች። ስትጨርስ ግድግዳውን ይዛ «ኧረ ኪዳነ ምሕረት እናቴ!» እያለች ትነሳለች። ለእኔ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር።

የካቲት ላይ ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ እናቴ ከእንጦጦ ቀርታ አታውቅም። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ዳገቱን በእግሯ ነው። ዘንድሮ ቀረች። «አንቺን ለማን ጥዬ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «በእኔ አታሳብቢ! ጎረቤት ሞልቷል፤ ቅሪ አላልኩሽም!» ብዬ ጮህኩባት። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች።

ሳምንት ሳይሞላ ክሊኒክ ሄድን። እናቴ ጫማዬን ልታወልቅልኝ ቁጢጥ አለችና መነሳት አቃታት። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግፋ አነሳቻት፣ ወንበር ላይ አስቀምጣም ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ሁለቱም ጉልበቶቿ አብጠዋል።

«እማማ፣ ልጅዎን የሚያሰሯት ተንበርክከው ነው?»

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዕቃ እንደሰበረ ልጅ እኔን አየችኝ። «ኧረ እርጅና ነው የኔ ልጅ» አለቻት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳገቱን የነሳኋት እኔ፣ ለምን ቀረሽ ብዬ የጮህኩባትም እኔ!

ፊዚዮቴራፒስቷ ፍራሹን ወደ አልጋው መልሰን ከሥሩ ጣውላ እንድናደርግ፣ እናቴም ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድታሰራኝ ነገረችን። ለእሷም እንቅስቃሴ አዘዘችላት፤ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ወደ ታች ትጫነዋለች፣ ከዚያ እኔ ጭኗን አሽላታለሁ። እጄ ያኔ ደህና ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ እምቢ አለች። «የኔ ጉልበት ከእንግዲህ ምን ሊሆነኝ? ያንቺ ይዳንልኝ። ደግሞ ትደክሚያለሽ።» ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች!

በማግስቱ ዋሸኋት። «ፊዚዮቴራፒስቷ ደውላልኝ ነበር። ያንቺን እግር ማሸት ለእኔ እጅ ስፖርት ነው አለችኝ። ካልሠራሁ እጄም እንደ እግሬ ይሰንፋል» አልኳት።

አፍታ አልቆየችም። አልጋው ላይ ወጥታ እግሯን ዘረጋችልኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ብረሳ እሷ አትረሳም። «በይ እጅሽን ሥሪ!» ትለኛለች። ጎረቤት ቡና ሲጠራት እንኳ «ልጄን እጇን እያሰራኋት ነው» ትላለች። እያመማት ፊቷ ጭምድድ ሲል አያታለሁ፤ ግን አንድም ቀን ቀስ በይ ብላኝ አታውቅም። እንዲያውም «ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ እጅሽ ይበርታ!» ትለኛለች።

ባለፈው እሁድ ቅዳሴ አስቀድሳ በእግሯ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው።

«እጅሽ እኮ እየበረታልሽ ነው» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። «ጉልበቴ ላይ ያስታውቃል።»

ማንኪያ ከእጄ መውደቅ ከጀመረ ሰነባብቷል። «አዎ እማዬ» አልኳት።