ከነጩ ገመድ ወዲህ

ልዕልት ቀለመ ወርቅ ንፋስ መውጫ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ይስሐቅ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ስድስቱም ዓመት የቅዳሜና እሑድ ትዳር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፤ ሠርግ አለ፣ ካልሆነም ለቅሶ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ይበላና ሚኒባስ ይሳፈራል። ጠብ የላቸውም። ብቻ ወሬያቸው ሁሉ «ጤፉ ተፈጨ?»፣ «ውኃ መጣ?» ሆኖ ቀርቷል።

ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ያመጡባቸው አብረውት የሚያስተምሩት የህንድ መምህራን ናቸው። ከሥራ በኋላ ሜዳ ወርደው በጠፍጣፋ ዱላ ኳስ ሲመቱ ሰው ጎደላቸውና ይስሐቅን ለመኑት። ጨዋታው አልሆነለትም፤ ግን ወደደው። አንድ ቅዳሜ የአሥራ አንድ ሰው ልክ በወረቀት ጽፎ መጣና «ነጭ ሱሪ ስፊልን» አላት። ሰፋች። የቡድኑ አለቃ ዶክተር ሱሬሽ ስፌቱን ገልብጦ ገልብጦ አየ። ናይሮቢ ያለ አንድ ክበብ ለየካቲቱ ዕረፍት ሲጋብዛቸውና የመምህራኑ ሚስቶች አብረው ሊሄዱ ሲነሡ፣ «የሰፋችልንም ትምጣ እንጂ!» አለ።

ልዕልት አባቷን ልትሰናበት ድጓ ወደሚያስተምሩበት ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደች። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከተማሪዎቻቸው ፊት ተነሥተው ወደ ዛፉ ጥላ መጡ።

«እና እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?»

«እቀመጣለሁ፣ አባባ። እሱ ሲጫወት አያለሁ።»

«ለመቀመጥ አገር ይታለፋል?» አሉና ሳቁ። ኋላ ግን እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቋት።

በአውሮፕላን ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር። ደመናውን ከላይ ስታየው እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆነባት፤ እጇን ብትሰድ የምትፈትለው መሰላት። ናይሮቢ ሲደርሱም ያ ስሜት አልለቀቃትም። ጋይንት በየካቲት አፈሩ አመድ መስሎ ነው የሚከርም፤ እዚህ ሜዳው የመስከረምን ሣር ለብሷል። ዙሪያውን ነጭ ገመድ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሚስቶቹ ወንበር ይዘው ድንኳን ሥር ተቀመጡ። እርሷ ቋንቋው ስላልቀናት ራቅ ብላ ወይን ጠጅ አበባ የሚያረግፍ ዛፍ አገኘችና ሥሩ አረፈች።

ጨዋታው ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ነው። ነጭ የለበሱት ሰዎች ሜዳው ላይ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ኳሱ ሊወረወር ሲል ሁሉም ባንድ ላይ ወደ ፊት ይራመዳሉ፤ ከተመታ በኋላ ተመልሰው ይቆማሉ። በልጅነቷ ማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ ነጭ ለብሰው በዝግታ ሲወዛወዙ እያየች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። አሁንም ዓይኗ ከበድ፣ ከበድ አለ።

«ተኛሽ እንዴ?»

ይስሐቅ ነበር። ደካማ ተጫዋች በመሆኑ ከሜዳው ዳር፣ ገመዱ አጠገብ ነበር ያቆሙት፤ ልክ ከዛፏ ፊት።

«ዝም በል፤ ይቆጡሃል» አለችው።

ዝም አላለም። ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ያወራል። እርሷም ጀርባውን እያየች ትመልሳለች። እንዲህ ተጀመረ። በሦስቱ ቀን ሦስት ጨዋታ ውስጥ በስድስት ዓመት ያላወሩትን አወሩ። ደብረ ታቦር በተከራያት ክፍል ማታ ማታ ብቻውን ሲበላ ለምን ሬዲዮ እንደሚከፍት ነገራት። እርሷ ደግሞ ልጅ የዘገየባት ጊዜ ለማንም ሳትነግር በስውር ስለያዘችው ሱባዔ ነገረችው። እየተያዩ ቢሆን አይነጋገሩትም ነበር። አንዴ ወሬው ይዞት ኳስ በእግሩ ሥር አልፎ ሄደ፤ ዶክተር ሱሬሽ ከሩቅ ጮኸ።

የይስሐቅ ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፏል። በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ለናይሮቢዎቹ የቀረው አንድ መቺ ብቻ ነበር፤ የጎደላቸው ደግሞ አራት ነጥብ። ሰውዬው ኳሱን ወደ ሰማይ ላከው፤ መሬት ሳይነካ ከተያዘ እርሱ ይወጣል፣ የይስሐቅ ቡድንም ያሸንፋል። ኳሱ ወደ ዛፉ መጣ።

«መጣልህ!» አለች ልዕልት ሳይታወቃት።

ይስሐቅ ቀና ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደና በሁለት እጁ ያዘው። ጓደኞቹ እየጮኹ ሮጡ። አንዱ ከመሬት አንሥቶ ተሸከመው።

ዳኛው ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ሸምገል ያሉ የናይሮቢ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው መጡና ገመዱን ነክቶ እንደሆነ ጠየቁት። የያዘው ሰው ገመዱን ከነካ ኳሱ እንደተያዘ አይቆጠርም፤ ስድስት ነጥብ ለተጋጣሚዎቹ ይሆናል፤ ጨዋታውንም ያሸንፋሉ።

«ወደ ላይ ነበር የማየው፤ አላወቅሁም» አለ ይስሐቅ።

ዳኛው ጥቂት አማርኛ የሚያውቀውን ዶክተር ሱሬሽን አስተርጓሚ አድርገው ወደ ልዕልት ዞሩ። «እመቤቴ፣ ካንቺ በቀር ቅርብ የነበረ የለም። ነክቷል?»

ሁሉም አዩዋት። ሱሪዎቹን አየች፤ ጉልበታቸው በሣር ወይቧል። ልቧ «አላየሁም» ሊል ፈለገ፤ ምላሷ ግን ቀደማት።

«ተረከዙ ነክቷል» አለች።

ጩኸቱ ባንድ ጊዜ ወረደ። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየለቀሙ ሄዱ። ዶክተር ሱሬሽ ብቻ ቀርቦ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። በመኪናው ውስጥ ይስሐቅ መስኮቱን እያየ ሄደ። እራቱንም ሳይጨርስ ተነሣ። «በባሌ ላይ መሰከርሁ» እያለች ስትገላበጥ አደረች።

ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ከሆቴሉ ደጅ ሲጠብቁ ይስሐቅ ወደ እርሷ ዞረ። በዚያ ጉዞ ፊት ለፊት ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር።

«ገመዱ ተሰምቶኝ ነበር» አላት።

«ምን?»

«ከተረከዜ ሥር። ኳሱን ከመያዜ በፊት። እያወቅሁ ነው ለዳኛው አላወቅሁም ያልኩት። ያኮረፍሁ አንቺን አይደለም፤ ከራሴ ነው የተጣላሁ።»

ያንን ሳይነግራት ሊኖር ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበት ነበር? የቀሚስ ቁልፍ እንደምታስተካክል ልብስ ሰፊ የሸሚዙን ኮሌታ አቃናችለት። መኪናው መጣ።

በዓመቱ የህንዶቹ መምህራን ውል አልቆ ቡድኑ ተበተነ። ይስሐቅ የዩኒቨርሲቲ ማዕረጉን ትቶ ንፋስ መውጫ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር ጀመረ። «የወጣውን ሰው ወደ ታች ጎተተችው» ብለው ያሟት አልጠፉም። እርሷ መስፋቷን ቀጠለች። ባሏ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቋ ገብቶ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። እርሷ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ፣ እርሱ መንገዱን እያየ፣ እስኪመሽ ያወራሉ። በበሩ የሚያልፍ ሰው ምን የማያልቅ ነገር እንደሚያወሩ ይገርመዋል።