ያለ ቀስቃሽ የነቃሁበት ቀን

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ የሺ እባላለሁ፣ የመርሳ ሰው ነኝ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር አልለመድኩም፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ዛሬ ግን ጌታ በእንቅልፌ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ወደ ቤቴ መመለስ አልፈለግሁም።

አስቀድሜ የዚያን ቀን የነበሩትን ልጥራ። ቦታው ደሴ ነው፣ ተፈናቅለን የተጠለልንበት ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ። እኔ ነበርኩ። የግራናዋ ሐዋ ነበረች፣ ምንጣፏ ከምንጣፌ የተጋጠመ። ሬዲዮናቸውን ከጆሯቸው የማይለዩት የወልድያው አባባ መኮንን ነበሩ። ከውርጌሳ የመጣች አራስ ከነመንታዎቿ ነበረች። ነርሷ እህት ብርቱካንም ነበረች። ከእነዚህ አንዳቸውም ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሉም፤ ስለዚህ ብቻዬን እመሰክራለሁ። ጌታ ግን በዚያም ነበረ፣ በዚህም አለ። ስሙ ይባረክ።

ወገኖቼ፣ የእኔ በሽታ ስሙ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት መሳቂያ ሆኖ ኖሯል። አንኮራፋለሁ። ለቅሶ ቤት ሳድር ሴቶቹ ወደ ጥግ ያስተኙኛል። አንዷ ጎረቤቴ፣ «የሺን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አስተኟት፤ የትኛው እንደሚፈጭ አይለይም» ትል ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ቀን ገበያ ተቀምጬ ሽንኩርት ስሸጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ገዢ ራሱ መዝኖ ይሄዳል።

ባሌ በሕይወት ሳለ ትንፋሼ ሲቆም በክርኑ ይነካኝና «ተንፍሺ» ይለኝ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ የሚነካኝ አጣሁ። ልጄም ኑሮው አዲስ አበባ ነው። በሬን ስዘጋ አንድ ሐሳብ ብቻ ይመጣብኛል፤ ዛሬ ትንፋሼ ቢቆም ማን ይቀሰቅሰኛል? እንቅልፍ ለሰው ዕረፍት ነው፤ ለእኔ ብቻዬን የምወርድበት ጉድጓድ ሆነብኝ።

ልጄ መጥቶ ደሴ ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሐኪሙ በእንቅልፍ ላይ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ትንፋሼ እንደሚቆራረጥ ነገረን። አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ፣ ሲፓፕ የሚባል ማሽን እንደሚያስፈልገኝም ነገረን። ልጄ ፈልጎ አመጣው። ከማሽኑ ጋር ፊት ላይ የሚታሰረው ጭምብል ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ አፍንጫ ብቻ የሚይዝ፣ ሌላው አፍንጫና አፍ የሚሸፍን። እኔ ትንሹን ወደድኩ፣ አያስፈራም። ሐኪሙ ግን «እናቴ፣ አፍዎን ከፍተው ነው የሚተኙት፤ በትንሹ ከሆነ አየሩ ሁሉ በአፍዎ ይወጣል» ብሎ ትልቁን መረጠልኝ። የአየሩንም ኃይል ለክቶ አስተካከለልኝ።

እንግዲህ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ነፋስ እንፈራለን። መኪና ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት ከሾፌሩ ጀምሮ ሁሉም ይቆጣል። እኔ ደግሞ ፊቴን በነጠላ ሳልሸፍን ተኝቼ አላውቅም። በጭምብሉ ፊት ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነሱ ነፋስ እፍ እፍ ይላል። ብርድ ይመታኛል ብዬ ቀዳዳዎቹን በጥጥ ደፈንኳቸው፣ በላያቸው ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ማሰሪያውንም አጥብቄ ሳብኩት። ከዚያ በኋላ ባደረግሁት ቁጥር ታፍኜ፣ ራሴን እያመመኝ እነሳለሁ። አልሆነኝም ብዬ ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሸሸ። እኔም ልብሴን ትቼ ካርቶኑን ተሸከምኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጄ የለፋበት ነው ብዬ ይሆናል። ጌታ ግን ያውቅ ነበር፣ ክብር ለእርሱ ይሁን።

ትምህርት ቤቱ ሰው በሰው ላይ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ብቻዬን ነበርኩ። እንዳይሰሙኝ ግድግዳ ተደግፌ፣ ቁጭ ብዬ አድራለሁ። አንድ ሌሊት ድካም ሲጥለኝ አንድ እጅ ነቀነቀኝ። ሐዋ ናት። «አንቺ ሴት፣ ትንፋሽሽ ሄደብን እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ትተኛለች፤ ትንፋሼ ሲቆም ትነቀንቀኛለች። የእሷም ባል ውርጌሳ ላይ በግርግር ተለይቷት ወሬው ጠፍቶባት ነበር። «እኔም እንቅልፍ የለኝ፤ አንቺን ልጠብቅ» ትላለች። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትነሳለች።

አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተፈናቃይ ሊጠይቁ ከመጡት መሐል እህት ብርቱካን ነበረች። ሐዋ እጄን ይዛ ወሰደችኝና፣ «ይቺን ሴት እዪልኝ፤ እኔ ነገ እዚህ ላልኖር እችላለሁ» አለቻት። ካርቶኑን አወጣሁ። ብርቱካን ጭምብሉን ገልብጣ አየችው።

«እናቴ፣ ይሄን ማን ደፈነው?»

«ብርድ እንዳይመታኝ፣ እኔው ነኝ» አልኳት።

አልሳቀችብኝም። ቀዳዳው የተነፈስነው አየር መውጫ መሆኑን፣ ሲደፈን የራሴን ትንፋሽ መልሼ እየሳብኩ እታፈን እንደነበር አስረዳችኝ። ፕላስተሩን ላጠች፣ ጥጡን በመርፌ ለቀመች፣ ጭምብሉን በሳሙና አጠበች። ከዚያ አስተኝታኝ፣ ማሽኑ እየሠራ ማሰሪያውን በጥቂት በጥቂቱ አላላችው። ተቀምጦ የሚለካ ጭምብል ሲተኙ ይጣመማል አለችኝ። ሐኪሙ የለካውን ኃይል አልነካችም፤ አየሩ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲጨምር ብቻ አደረገችው። ለብርዱም ራሴንና አንገቴን በነጠላ ጠቅልላ፣ ቀዳዳዎቹን ክፍት ተወችልኝ።

በክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ የአባባ መኮንን ሬዲዮ ተሰክቶበታል። ብርቱካን ስትለምናቸው እሳቸው ራሳቸው ነቀሉት። «ወሬውማ መጥፎ ነው፤ የሷ ማንኮራፋት ይሻለናል» አሉ። አራሷ ሳትቀር ሳቀች።

ብርቱካን «ሳይተኙ ልጸልይልዎ?» አለችኝ። እኔ ያኔ ጌታን አላውቅም። ወደ ሐዋ አየሁ። «ትጸልይልሽ፤ እኔም አሚን እላለሁ» አለች። አንዷ ጸለየች፣ አንዷ አሚን አለች። ጭምብሉ ድምፄን ይዞታል፤ በልቤ ግን፣ «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ የሚነካኝን ሰው ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ብነቃም ባልነቃም የአንተ ልሁን» አልኩት። ቅዱሳን፣ ጌታን የተቀበልኩት እንዲህ ነው፤ ወለል ላይ ተኝቼ፣ ሐዋ እጄን ይዛ። ሃሌ ሉያ።

ተኛሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ የለም። ራሴን አያመኝም፤ ክፍሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ታየኝ። ለሐዋ ልነግራት ዞር ስል ምንጣፏ የለም።

አባባ መኮንን ነገሩኝ። ቀትር ላይ አንድ የግራና ሰው መጥቶ ባሏን ኮምቦልቻ እንዳየው ነግሯታል፤ ወደዚያ የሚሄደውም መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር። አራሷ እኔን ልትቀሰቅሰኝ ስትነሳ ሐዋ ከለከለቻት። «ተያት። እሷን ስቀሰቅስ ነው የከረምኩት፤ ዛሬስ ትተኛ» ብላ ወጣች።

ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ ደሴም ደረሰ፤ ሁላችንም ተበተንን። አሁን መርሳ ቤቴ ገብቻለሁ። መብራት ሲኖር በማሽኑ እተኛለሁ፤ ሲጠፋ ሐኪሙ እንደመከረኝ በጎኔ። በሽታዬ አልተነቀለም፤ ፍርሃቴን ግን ጌታ ነቅሎታል፣ ተመስገን። እናንተም ብቻችሁን ሆናችሁ ቀኑ መሸ ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ በእርሱ ታመኑ። ሐኪም የሰጣችሁንም ካልገባችሁ ጠይቁ፤ እንደኔ በገዛ እጃችሁ አታበላሹት።

ደስ ብሎኛል። ብቻ ስነቃ ትከሻዬ ላይ እጅ የለም።

የሐዋን ስልክ አልያዝኩም፤ ጎን ለጎን የሚተኛ ሰው ስልክ ይለዋወጣል? በገበያ ቀን ግራና ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቤቷ ዝግ ነው፣ ጎረቤቶቿም አልተመለሰችም አሉኝ። ዛሬ ከግራናም ከኮምቦልቻም የመጣችሁ አላችሁ። አጠር ያለች፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ሴት ናት። ባሏን አግኝታው እንደሆነ፣ ደህና መሆኗንም፣ ያያት ወይም ወሬዋን የሰማ ካለ፣ ስንጨርስ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ እባካችሁ ንገሩኝ።