ጋሽ መኩሪያና የኃያላኑ ካሳ

ጋሽ መኩሪያ አውሮፓን ለቀው ከተመለሱ ዘመን ተቆጠረ፤ አውሮፓ ግን እሳቸውን አልለቀቀቻቸውም። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ሄደው ታሪክ ተምረዋል። ዛሬ በጡረታቸው፣ ለቡ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ሆነው፣ ጀርመን አገር ላለ አንድ አሳታሚ የድሮ ነገሥታትና ሚኒስትሮች አውሮፓን ሲያምሱ ይጠቀሙባቸው የነበሩ የዲፕሎማሲ ቃላትን ከነማብራሪያቸው ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማሉ። አማርኛውን የጠየቃቸው የለም። እሳቸው ይህን እንደ ክብር ነው የሚቆጥሩት።

ሥራው ጸጥታ ይፈልጋል፤ ቤታቸው ደግሞ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሳሎኑን የባለቤታቸው የወይዘሮ ዘነቡ የልብስ ስፌት መኪና፣ መኝታ ቤቱን የደንበኛ ጨርቅ ይዞታል። ስለዚህ የሚሠሩት ነዋሪው ለድግስም ለለቅሶም በጋራ ከሚጠቀምበት አዳራሽ ጀርባ ባለች ጓዳ ነው። የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ደብዳቤ ስለሚጽፉ ቁልፏ ተሰጥቷቸዋል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ላፕቶፕና ወፋፍራም መዝገበ ቃላት፤ በቃ። ይህች ጓዳ ከሌለች ትርጉም የለም፤ ትርጉም ከሌለ ደግሞ ጋሽ መኩሪያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚወጣ የሚገባውን የሚያዩ ተራ ጡረተኛ ናቸው። ይህን ከሞት ይልቅ ይፈሩታል።

ሰው ቀኑን ሙሉ ከኃያላን ጋር ሲውል ጎረቤቱም ኃያል ሆኖ ይታየዋል። አራተኛ ፎቅ ያሉት፣ የግቢውን የማርያም ማኅበር የሚመሩት ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ በጋሽ መኩሪያ ልብ ውስጥ «ኦስትሪያ» ናቸው፤ ዘመድ የበዛላቸው፣ ክብር የሚወዱ፣ ከመቀመጫቸው ለመነሳት ጊዜ የሚወስዱ። የጸሎት ቡድን የሚመራው ጸጋአብ ደግሞ «ፕሩሲያ» ነው፣ ያ ሥርዓት አክባሪ የድሮ የጀርመን መንግሥት፤ ከሆሳዕና መጥቶ እዚህ ቤት የገዛው በቅርቡ ቢሆንም፣ ሰዎቹ ሰዓት ያከብራሉ፣ ድምፅ ማጉያውም አቅም አለው። ራሳቸውን ግን «እንግሊዝ» ብለው ሾመዋል፤ ከባሕር ማዶ ሆና የሌሎችን ሚዛን የምትጠብቅ፣ ማንም የማይደርስባት። ይህን ምሥጢር የሚያውቁት ወይዘሮ ዘነቡ ብቻ ናቸው።

ሰሞኑን ትርጉሙ አንድ ቃል ላይ ቆሟል፤ «ኮምፔንሳትሲዮን»፣ ካሳ። እንግሊዝኛው ራሱ አይከብድም። የአዲስ አበባ ሰውም ካሳ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቤቱ የፈረሰበት፣ መሬቱ የተወሰደበት ሰው የሚጠብቀው ነው። የኃያላኑ ካሳ ግን ሌላ ነው። አንዱ ኃያል መሬት ሲጨምር ሌላው እንዳይከፋው፣ ከሦስተኛ ደካማ አገር ላይ ተቆርሶ ይሰጠዋል። ጋሽ መኩሪያ ይህን አራቅቀው ጽፈው ላኩ። የአሳታሚው አርታዒ «ማን ከፈለ? ለማን? ግልጽ አይደለም» ብላ መለሰችላቸው። አኮረፉ እንጂ ልክ ነበረች፤ ስለ ኃያላኑ ገጽ ሙሉ ሲጽፉ ከፋዩን ረስተውታል።

በዚህ መሀል ኦስትሪያና ፕሩሲያ በአዳራሹ ተጣሉ። ማኅበሩ ለሠራተኛ እንዲመች ብሎ ቀኑን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት አዙሮታል፤ የጸሎት ቡድኑም የሚመቸው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደረጃ ላይ ሰላምታ ቀረ። ኮሚቴው አስታራቂ ሲፈልግ ጋሽ መኩሪያ ከረባታቸውን አስረው ወረዱ። ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ነበር የሚመስሉት።

«ከሁሉ አስቀድሞ» አሉ፣ አዳራሹ መሀል ቆመው፣ «ሰብሳቢ ወገን የለውም። እኔ ዛሬ የማንም አይደለሁም። ለራሴም እንኳ አልቆምም።»

«አሜን» አለ ጸጋአብ። ወይዘሮ ሸዋረገድም አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ስብሰባው አማረ። ቅዳሜን በየተራ ለመውሰድ ተስማሙ። ጣጣው ዕቃው ላይ መጣ። ማኅበርተኞቹ ያን ሁሉ ድስትና ሰሃን አራተኛ ፎቅ ማመላለስ አይችሉም፤ ጸጋአብም ድምፅ ማጉያውን ክፍት አዳራሽ ውስጥ ትቶ መሄድ ያስፈራዋል።

«ማመጣጠን ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ፊታቸው በርቶ። «አንዱ ሲያገኝ ሌላው እንዳይከፋው።»

«እንዲያ ከሆነ ጋሼ» አለ ጸጋአብ በትሕትና፣ «ያቺ የጀርባዋ ጓዳስ? ግማሿ ለእኛ፣ ግማሿ ለእነ እማማ ሸዋረገድ ብትሆን?»

«እውነቱን ነው፣ ትበቃናለች» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። ከተጣሉ ወዲህ ያለ ክርክር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አቶ መኩሪያ?»

ጋሽ መኩሪያ አፋቸውን ከፈቱ። «ጠረጴዛዬስ?» ሊሉ ነበር። ግን «ለራሴም አልቆምም» ያሉት አሁን ነው፤ ሰዉም በአድናቆት እያያቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ እንዲህ ታይተው አያውቁም። «ሰብሳቢ ሐሳብ አይሰጥም» አሉ።

ተጨበጨበ። ሁለቱ ተቃቅፈው ይቅር ተባባሉ። «እርስዎን የመሰለ ሰው አያሳጣን» ብለው ወይዘሮ ሸዋረገድ መረቋቸው።

ጠረጴዛውን ጸጋአብ በአንድ በኩል፣ የወይዘሮ ሸዋረገድ ልጅ በሌላው በኩል ይዘው፣ እየተሳሳቁ ደረጃውን አወጡት። ሳሎን ቦታ ስላልነበረው ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ጋሽ መኩሪያ ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በስፌት መኪናው ጩኸት መሀል፣ ለአርታዒዋ አጭር መልስ ጻፉ።

«እንግሊዝ ከነጠረጴዛዋ ተባረረች?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ፣ ከጨርቁ ቀና ሳይሉ። «ምን ብለህ ጻፍክላት?»

«ካሳውን የሚከፍለው ስብሰባው ላይ ያልነበረው ነው አልኩ።»

ወይዘሮ ዘነቡ መኪናውን አቆሙ። «አንተ እኮ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ?»

ጋሽ መኩሪያ የላኩትን መልስ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ከረባታቸውን ፈቱ።

«ሰብሳቢ ነበርኩ» አሏቸው።