ከጉልበቷ ያልወረደው ጥቅል

እናቴ የበደለችኝ ባለፈው ነሐሴ ነው፤ ሞታለች ብዬ አልሸፍነውም። «የተጠመቅሁበትን ቤተ ክርስቲያን ልሳለም፣ ውሰጂኝ» ስትለኝ ከጀሞ በቡታጅራ መንገድ በመኪናዬ ይዣት ወጣሁ። በስልሳ ዓመቴ ከታናሽ እህቴ ይልቅ እኔን ስትመርጥ ገና የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምትሳሳለትን ነገር ከጉልበቷ አታወርድም። ያን ቀንም ከጎኔ ተቀምጣ ነጭ ጥቅል ታቅፋለች። ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ ሰው አላስቀምጥም።

«እማዬ፣ ከኋላ ላስቀምጥልሽ?»

«አንቺ መንገድሽን እዪ።»

ዝናቡ መንገዱን ሸፍኖታል። ስንደርስ «እዚሁ ጠብቂኝ» ብላ ብቻዋን ገባች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ጥቅሉስ?»

«ቦታው ደረሰ።»

እስከ ቤት ድረስ ባዶ ጉልበቷን ስትዳብስ አየሁ፤ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

በጥቅምት አረፈች። ያኔ ታናሽ እህቴ፣ «በነሐሴ መገነዣዋን እኮ ለተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን ቄስ አስረክባለች፤ እዚያ ቅበሩኝ ብላለች» አለችኝ።

«ለእኔስ ለምን አልነገረችኝም?»

«እሷ እምቢ ትላለች፣ እንዳትነግሪያት አለችኝ።»

እህቴ ታውቅ ነበር፤ ቄሱም ያውቁ ነበር። የማላውቀው መኪናውን የነዳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሌላ መገነዣ ገዛሁና እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ጎፋ ቤተ ክርስቲያን አስቀበርኳት።